አሥራ ስድስት ኪሎ

ውዳሴ ያን ቅዳሜ እትዬ ዙሀራን ሰምታቸው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ ባልኖረ ነበር። አልሰማቻቸውም። አለመስማት ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ፤ ሰው ፊት ቀለደችባቸው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዳሴ የኮልፌ ልጅ ናት። ተማረች፣ ተመረቀች፣ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ሆነች። ከዚያ ስንት ሰፈር ሞልቶ ሳለ «ጥናቴን የምሠራው ያደግኩበት ነው» ብላ መጣች። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ፣ ውፍረት ያስቸገራቸው ሠላሳ ሴቶች መረጠች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እድሩ አዳራሽ ትሰበስባቸዋለች፤ ዘይት ስለመቀነስና ስለ እርምጃ ታስተምራቸዋለች፤ ትመዝናቸዋለች፤ ከዚያ ፎርሟን ይዛ «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን በሉ?» እያለች አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

ከሠላሳዎቹ አንዷ እትዬ ሰርኬ ነበሩ። ኮልፌ ገበያ ቅቤና ቆጮ ሲሸጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሳቃቸው ከሦስት ሱቅ ማዶ የሚሰማ፣ ሰማንያ አራት ኪሎ የሚመዝኑ ሴትዮ። ውዳሴን ከልጅነቷ ያውቋታል፤ እናቷ ሥራ ውላ እስክትመጣ የሚይዟት እሳቸው ነበሩ። ጥናቱ ውስጥ የገቡትም ውፍረታቸው አስጨንቋቸው አይደለም። «ይሄ ሥጋ እኮ የድካሜ ዋጋ ነው!» ብለው ሳቁና፣ «ግን አንቺ ካልሽ እሺ፣ ምን ቸገረኝ» አሉ።

በመጀመሪያው ወር ሦስት ኪሎ ቀነሱ። በሁለተኛው ወር ስምንት ሞላ። አራተኛው ወር ሲያልቅ ሚዛኑ ስድሳ ስምንት ላይ ቆመ። አሥራ ስድስት ኪሎ! ሌሎቹ አንድ ኪሎ ቀንሰው በበዓል ሁለት ጨምረው ይመጣሉ፤ ውዳሴ በነሱ ተስፋ ቆርጣ ነበር። እናም እትዬ ሰርኬን እጃቸውን ይዛ መካከል አቆመቻቸው።

«እዩልኝ እስቲ! የተማሩትን ሥራ ላይ ማዋል ማለት ይሄ ነው። አጨብጭቡላቸው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ሰርኬ የሰፋቸውን ቀሚስ ወገባቸው ላይ ሰብስበው ይዘው፣ እንደ ሙሽራ አቀርቅረው ቆሙ።

ይሄኔ እትዬ ዙሀራ ተነሡ። እሳቸውም ጥናቱ ውስጥ ናቸው፤ ከእትዬ ሰርኬ ጋር ቀራንዮ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ልጄ» አሉ፣ «ይቺ ሴትዮ ደህና አይደለችም። እስቲ ፊቷን እይው። እኔ አላማረኝም።»

ውዳሴ ሳቀች። «ምነው እትዬ ዙሀራ፣ ቅናት ነው እንዴ? እርስዎም ዳቦውን ይተዉና እናጨብጭብልዎ!»

ሴቶቹ አውካኩ። እትዬ ሰርኬም አብረው ሳቁ። እትዬ ዙሀራ «እሺ፣ አላህ ያውቃል» ብለው ሻርፓቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጎረቤታቸው ትንፍሽ አላሉም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ፎርሙስ ምን ይል ነበር? እትዬ ሰርኬ ሲጠየቁ «ጠዋት ቂንጬ ሠራሁ፣ ለምሳ ሽሮና ጎመን፣ ማታ ምስር ወጥ ነበር» ይላሉ። ውዳሴ ትጽፋለች። የእኛ ሴት እኮ ምን በላሽ ስትባል ቤቷ የተበላውን ነው የምትቆጥረው፤ የራሷን ጉርሻ ለይታ ማን አስተምሯት! ይሄን ደግሞ ከውዳሴ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሷ ጋር የሚሠሩትን መረጃ ሰብሳቢዎች «የሠሩትን ሳይሆን የጎረሱትን ጻፉ» እያለች ስትጨቀጭቅ የከረመችው እሷው ናት። እትዬ ሰርኬ ጋ ስትደርስ ግን ቤተሰብ ሆኑባትና መጠየቁን ተወችው።

ደግሞም አላየሁም አትልም። ቢሮዋ ቁጭ ብላ ስትደምረው፣ እንደ ፎርሙ ከሆነ የእትዬ ሰርኬ ምግብ ከበፊቱ ይሄን ያህል አልቀነሰም። እንዲህ እየበላ አሥራ ስድስት ኪሎ የሚያራግፍ ጤነኛ ሰው የለም። ቁጥሩን ደግማ አየችው። ከዚያ፣ ከቀራንዮ ቤታቸው እስከ ኮልፌ ገበያ ታክሲ ትተው በእግር መሄድ እንደጀመሩ የነገሯት ትዝ አላትና «እርምጃው ነው» ብላ አለፈችው። ለምን አትሉም? ውጤቱ አምሮ ነበራ! በሚቀጥለው ወር የተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ የምታቀርበው እሱን ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ እትዬ ዙሀራ ደወሉ። «ቶሎ ድረሽ፣ ሰርኬ ገበያ መሀል ወድቃ ሆስፒታል አስገብተናታል።»

ውዳሴ ቢሮዋ ካለበት ከጦር ኃይሎች በታክሲ እየበረረች ደረሰች። ሐኪሙ እትዬ ዙሀራን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እየጠየቃቸው ነበር።

«አምስት ወር ይሆናታል። መጀመሪያ ቆጮው አልወርድ አላት። ቀጥሎ እንጀራው። አሁንማ ሾርባውም በመከራ ነው። ለልጆቿ ታቀርብና እኔ ቀድሜ በልቻለሁ ትላቸዋለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ ባለሙያዋ በየሁለት ሳምንቱ ታየኝ የለም እንዴ አለችኝ።»

ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ ውዳሴን ወደ ውጭ ጠራት። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል አላት። «መክሳት ሲጀምሩ መጥተው ቢሆን አንድ ነገር ይሞከር ነበር። ይሄን ያህል ሲቀንሱ ልብ ያለ ሰው አልነበረም?»

«ነበር» አለች ውዳሴ። «እኔ ነበርኩ። እየመዘንኩ እጽፈው ነበር።»

ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈና ወደ ሥራው ሄደ። ቢሰድባት ምናለ ብላ ተመኘች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ብታለቅስ ለማን ይፈይዳል?

እትዬ ሰርኬ አልጋው ላይ ከብርድ ልብሱ ስር ያሉ አይመስሉም። ውዳሴ አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም? ያን ሁሉ ጊዜ ስጠይቅዎ፣ አልዋጥ አለኝ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ» አሉ፤ ያ ሳቂታ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። «ያን ቅዳሜ ልነግርሽ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ከሚዛኑ ስወርድ ልናገር አፌን ስከፍት፣ አንቺ እጄን ይዘሽ መሀል አቆምሽኝ።» ትንፋሽ አጠራቸው። «ሃምሳ ስምንት ዓመት ስኖር ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። የዚያን ጊዜ፣ ታምሜ ነው እንጂ ጎብዤ አይደለም ብዬ እንዴት ልናገር?»

ውዳሴ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች። እትዬ ሰርኬ የከሳ እጃቸውን ጎትተው ራሷ ላይ አሳረፉና «በቃ፣ በቃ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጅ ነሽ» እያሉ ያባብሏት ጀመር።