በካሜራው ማያ የጠፋው ዓይን

ፎቶ አንሺዋ ስምንት ቀን ሙሉ ታማ ወድቃ ሰነበተች። ጉንፋን ይባል እንጂ እንደ ወትሮው አስነጥሶ የሚተው አልነበረም፤ ትኩሳቱ አጥንት ይሰብራል፣ ሳሉ ጎን ይወጋል። መጀመሪያ የያዘው ልጇን ነበር። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ተነስታ ስትሯሯጥ እናት አልጋ ላይ ቀረች። በዘጠነኛው ቀን ጉልበቷ እየከዳትም ቢሆን ስቱዲዮዋን ከፈተች።

የዚያን ቀን የመጣላት ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ ጎረቤቷ ጡረተኛው መምህር። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልገው ነበር። ከነጩ መጋረጃ ፊት አስቀመጠቻቸው፣ ክራባታቸውን አቃናች፣ መብራቱን አስተካከለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ግራ ዓይኗን ጨፍና ቀኙን የካሜራው ማያ ቀዳዳ ላይ ለጠፈች።

የመምህሩ አንድ ዓይን የለም።

አልተጨፈነም፣ ጥላም አላረፈበትም። አፍንጫው አለ፣ ቅንድቡ አለ፤ ዓይኑ ሊኖር የሚገባበት ቦታ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀና ስትል ሰውየው ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ገልጠው በትዕግሥት ይጠብቋታል። ሌንሱን ወልውላ ደግማ አየች። አሁንም የለም። እንደምንም አነሳቻቸው። ሲታተም ፎቶው ምንም አልጎደለውም። ካሜራው አርጅቷል ብላ ራሷን አጽናናችና ዘጋግታ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሱ አረፉ ተባለ።

ለማንም አልተነፈሰችም። ምን ብላ ትናገራለች? ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ የቆየ ፎቶ እያባዛች ብቻ ዋለች፤ ሰው ሊነሳ ሲመጣ ካሜራው ተበላሽቷል እያለች መለሰች። ግን የልጇ የትምህርት ቤት ምዝገባ ደረሰ፣ ፎቶ ያስፈልጋል። ልጅቱ ደግሞ እናቷ ፎቶ አንሺ ሆና ሌላ ቤት አልነሳም ብላ ድርቅ አለች። መሳቢያው ተከፈተ።

ልጅቱ በርጩማው ላይ እግሯን እያወዛወዘች ፈገግ አለች። እናት በማያው አየቻት። እዚያው ቦታ፣ ያው አመድ።

ብርሃኑ አይበቃም ብላ ካሜራውን አስቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲያ ልጅቱን ከጉያዋ አላወጣቻትም። መንገድ መሻገር ተከለከለ፣ ደረጃ ላይ መሮጥ ተከለከለ። ልጅቱ ማሳል ስትጀምር እናት ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች።

«እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምታዪኝ?» አለቻት አንድ ቀን።

እናት ግንባሯን ዳሰሰችና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችላት።

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሁለቱ አልጋ ላይ ፊት ለፊት ተጋድመው ነበር። የእናት ግራ ዓይን ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል። ያኔ አመዱ ያለ ካሜራ መጣ። የልጇ ዓይን እያየችው ከፊቷ ላይ ጠፋ። ልጅቱ ግን ምንም ሳታውቅ ዘላ ወርዳ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች፤ አመዱ አብሯት አልሄደም። ግድግዳው ላይ ቀረ።

እናት ወደ ጣሪያው አየች፣ ተከተላት። በዓይኗ ልትይዘው ስትል ይሸሻል፣ ስትተወው ይመለሳል። ቀኝ ዓይኗን በእጇ ስትሸፍን ጠፋ። የታመመው የልጇ ዓይን ሳይሆን የእሷው ነበር።

የዓይን ሐኪሟ ነገራቸው ረጋ ያለ አሮጊት ናቸው። ጠብታ ጨምረው የዓይኗን ውስጥ በመሣሪያ ፎቶ አነሱት። ሰሞኑን አሟት እንደሆነ ጠየቋት፣ ስለ ትኩሳቱና ስለ ሳሉ ነገረቻቸው። በአፍንጫና በጉሮሮ የገባ ቫይረስ ሁልጊዜ እዚያ እንደማይቆም አስረዷት፤ አልፎ አልፎ ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን ይጎዳል፣ የተጎዳው ቦታም ማየት ያቆማል። የተረጋገጠ መድኃኒት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ግን አመዱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል።

እሷ ግን የመጣችበትን ዋና ጥያቄ ገና አልጠየቀችም ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ስለ መምህሩና ስለ ልጇ ተናገረች።

«እሳቸውን የገደላቸው ልባቸው ይሆናል» አሉ ሐኪሟ። «ያንቺ ዓይን የሰው ዕድሜ አይቆርጥም፣ ልጄ። ሂጂና ልጅሽን አንሻት።»

በማግስቱ በግራ ዓይኗ አነሳቻት። ሲያዩት በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ልጅቱ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ወጥታለች። ልጅቱ ሳቀች። እናት ሳትስቅ አጠፋችውና ደግማ አነሳቻት።

አመዱ እንደተባለው ሳሳ፣ በአራተኛው ወር የምስር ፍሬ አከለ። ሐኪሟ በቀኝ ዓይንሽም መሥራት ትችያለሽ ብለዋታል። እሺ ትላለች፤ ሰው ፊቷ ሲቀመጥ ግን እጇ ራሱ ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኗ ይወስደዋል።