የተበሳ ብር

ብር ከተበሳ ብር አይደለም አለ፣ ማን፣ የሆስፒታሉ ጸሐፊ፣ ነጋዴው አብዱልሃዲ ነው የሚነግረኝ፣ ከጅቡቲ ስምንት ቀን ተጉዞ ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ አርባውን ጠገራ ብር በሻሽ እንደተቋጠረ ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ፣ አንድ በአንድ እዳብሳለሁ፣ ሁሉም ላይ ቀዳዳ፣ ብሩ ላይ ካለችው ሴትዮ አናት በላይ ቀዳዳ፣ ማን አስበሳው። እኔ። እኔው ሐምዲያ።

ልጄ ሙሀባ እዚያ ተኝታለች፣ ሆዷ ውስጥ ያበጠ ነገር አለ፣ ቀዶ የሚያወጣ እዚህ የለም፣ ጅቡቲ ፈረንሳዩ ጋ ነው ተባለ፣ አብዱልሃዲ ለንግድ ሲወርድ እስከ ባቡሩ በግመል ይዟት ሄደ፣ ለሐኪሙ አርባውን ጠገራ ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት፣ ሕፃን ልጇ ጀርባዬ ላይ ቀረች፣ ይችው ተኝታለች፣ በፍየል ወተት ነው የማታልላት።

ጸሐፊው የማን አገር ሰው ነሽ ይላታል፣ የይፋት፣ ይፋት የት ነው፣ ሐበሻ ነኝ፣ ሐበሻ የሚባል አገር ዛሬ የለም የጣሊያን ነሽ ብሎ ጻፋት። ወላሂ! ቤታችንን ያቃጠለ ጣሊያን፣ አባቷን የገደለ ጣሊያን፣ ወረቀት ላይ ጌታዋ ሆነ፣ እና የውጭ አገር ሰው ናትና እጥፍ ትክፈል፣ ሳትቀደድ ትክፈል፣ እስከ አርብ። ሙሀባ ሳቀች አለኝ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ የጣሊያን ከሆንኩ እሱ ይክፈልልኛ አለች፣ የኔ ልጅ፣ ምላሷስ አልታመመ።

ያኔ ጣሊያን ሲገባ ጠገራ ያለው አምጥቶ በወረቀት ብር ይለውጥ ተብሎ ሮቢት ገበያ ታወጀ፣ የጎረቤቴን የማሽላ ጉድጓድ ቆፍረው የደበቀውን ወሰዱ፣ ከሴት አንገት ግን ጌጥ አይፈቱም፣ ጠገራዬን በስቶ የአንገት ጌጥ እንዲያደርግልኝ አንጥረኛው ጀይላን ጋ ሄድኩ፣ እትዬ ይቅርብዎ፣ አንዴ ከበሳሁት በኋላ ቢጸጸቱ አልደፍነውም አለኝ፣ ዝም ብለህ ብሳ አልኩት። ባንዶቹ ሁለት ጊዜ መጡ፣ አንገቴ ላይ እያዩት ሄዱ፣ እንዴት እንደሳቅሁባቸው፣ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ አይ ብልጠት።

ጅቡቲ ያለው ገንዘብ ለዋጭም ድንጋይ ላይ እየጣለ ድምፁን ሰማው ይላል አብዱልሃዲ፣ ጌጥ ነው፣ በሚዛን ከሆነ በግማሽ እወስዳለሁ አለ፣ ታዲያ ለምን አልሸጥከውም አንተ ሰው፣ ለምን ግማሹን እንኳ ሰጥተህ አልለመንካቸውም፣ አማና ነዋ እማማ፣ የአደራ ዕቃ ያለ ፈቃድዎ በግማሽ እንዴት እሸጣለሁ፣ ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ። አባቱም እንዲህ ነበር፣ ሌባ በሆነ፣ ሌባ ቢሆን ኖሮ ልጄ ትቀደድ ነበር፣ አስተግፊሩላህ፣ ምን አስወራኝ።

አርቡስ፣ አልኩት። መሬቱን በጣቱ ጫረ። አርቡ መንገድ ላይ አለፈ እማማ። አልጋ ከከለከሏት የአርጎባዋ ሳፊያ ቤቷ ልትወስዳት ነው፣ እዚያ ወደብ ሻይ የምትሸጠዋ፣ ደግ ሴት፣ ደግነት ሆድ አይቀድ። ስምንት ቀን መጣ፣ ስምንት ቀን ይመለሳል፣ ሲለያት ሆዷ ቅል አክሎ ነበር አለኝ፣ ቀበቶዋ አልደርስ ብሎ፣ ያ ረቢ፣ በአሥራ ስድስት ቀን ቅል ምን ያክላል።

ግመሎቹ ነገ ይነሳሉ፣ ፈቀዱልኝ ወይ ይላል፣ ፈቅጃለሁ፣ በግማሹም በሩቡም፣ አብሽሩ እማማ፣ አይዞዎ ይላል፣ ግማሹን ሐኪሙ እምቢ ካለስ ይለኛል ደግሞ፣ እምቢ ካለ፣ እምቢ ካለማ ግማሹ ለምን እንደሚበቃ አውቃለሁ፣ ነጭ አቡጀዲ ስንት ክንድ እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ እናቴን የከፈንኳት እኔ ነኝ፣ ይህን ግን አልለውም፣ ሕፃኗ ነቃች፣ እሹሩሩ፣ እሽ፣ እምቢ ካለ የሚያምራትን ግዛላት እለዋለሁ፣ ቀና ብሎ አያየኝም፣ ምን ነበር የሚያምራት፣ ልጅ ሆና፣ ተምር፣ አዎ ተምር፣ ባሕር ዳር ተምር አይጠፋም፣ ተምር ግዛላት አብዱልሃዲ፣ ለስላሳውን፣ ፍሬውን አውጣላት፣