አንገትጌ፣ እጅጌ፣ ቁልፍ

«እናቴ ትሙት፣ በዚህ ወሬ ውስጥ ጠብታ ውሸት የለም!» አለ ማዕበሉ፣ ቀኝ እጁን ወደ አዳራሹ ጣሪያ ሰቅሎ።

ማዕበሉ የሚለውን ስም ያወጣው ለራሱ ራሱ ነው። ቀን ቀን መኪና መንዳት ያስተምራል፤ «ቀስ! ፍሬን! ኧረ ፍሬን፣ አንቺ ልጅ!» ሲል ይውላል። አመሻሽ ላይ ደግሞ በዚህ አዳራሽ የልብስ ስፌት ፋብሪካውን ሴቶች ቅርጫት ኳስ ያሰለጥናል፤ እዚህ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። እንደ እሱ አባባል፣ ተጋጣሚ ኳሷን ገና ከራሱ ቅርጫት ሥር ሲያነሳ አምስቱም ይሰፍሩበታል፤ እስከ ሜዳው ማዶ ትንፋሽ አይሰጡትም። ማዕበሉ እንደሚለው ይህን አጨዋወት ካዩ አሰልጣኞች ሁለቱ ሥራ ለቀዋል፤ አንዱ ዶሮ እርባታ ገብቷል።

ዛሬ ግን ወሬው ለሳቅ አልነበረም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አዳራሹን የጨርቅ መጋዘን ሊያደርጉት ሜትራቸውን ይዘው መጥተዋል። «ቡድኑ አንድ ረብ ያለው ነገር ከሠራ አልነካውም» ብለው ነበር። አዳራሹ ከሄደ ቡድኑ ሄደ፤ ቡድኑ ከሄደ ማዕበሉ በዚህች ምድር ላይ «ፍሬን!» ከማለት በቀር የሚለው አይኖረውም።

«እሺ፣ እሁድ የባንኩን ቡድን አሸነፍን ነው የምትለው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ማሸነፍ? ጋሼ፣ ማሸነፍማ የሌላ ሰው ወግ ነው! አንዷ የባንክ ተጫዋች ይኼ በር አልበቃትም፤ ጎንበስ ብላ ነው የገባችው። ኳሷን እንደያዘች ‹አንገትጌ!› ብዬ ጮህኩ።»

«አንገትጌ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንገትጌ የምትሰፋዋ ናታ! እነዚህ ልጆች ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ነው የሚውሉት። እኔ ደግሞ ሰውን እንደ ሸሚዝ እንዲቀባበሉት አደረግኋ! አንገትጌ መንገድ ዘግታ ወደ ጥግ ትገፋለች። እጅጌ ተቀብላ ግራ ቀኙን ታጥራለች፣ ሳትነካ ጋሼ፣ ሳትነካ! ቁልፍ የምትተክለዋ መጥታ ሥራውን ትጨርሳለች። የባንኳ ልጅ አለቀሰች። ዳኛው አብሯት አለቀሰ። ሰማንያ ለዜሮ!»

«ለዜሮ?»

«ለሁለት ይሁን። እሷንም ራሳችን ነን ተሳስተን ያገባናት።»

ከአግዳሚው ላይ ሳቅ አመለጠ። ሴቶቹ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም። ቁልፍ የምትተክለዋ፣ የማዕበሉ ሚስት፣ ብቻዋን አንገቷን ደፍታ ማልያ ታጣጥፋለች። እሷ ዝም ስትል ማዕበሉ ይፈራል።

«ወሬ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ሜትሩንም ዝርርር አድርገው ሳቡት።

ማዕበሉን ምላሱ ቀደመው። «እንግዲያው ይሞክሩን!» ብሎ ኳሷን አሳቀፋቸው። «ከዚህ ጥግ ተነሥተው መሃል መስመር ከደረሱ አዳራሹ የእርስዎ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥቅል በጀርባዬ ተሸክሜ አስገባለሁ። ካልደረሱ ግን ሜትርዎን ይዘው ይመለሳሉ።»

«በወጣትነቴ እኔም ተጫውቻለሁ እኮ!» ኮታቸውን አወለቁ፣ ሜትሩን ቀበቷቸው ላይ ሰኩ።

«አንገትጌ!»

አንገትጌ ፊታቸው ተገተረች። ወደ ግራ ዞሩ፤ እጅጌ እዚያ ናት። ወደ ኋላ ዞሩ፤ ግድግዳ።

«ኧረ በሕግ አምላክ!»

«ያንጥሩ እንጂ ጋሼ፣ ሕፃን ነው እንዴ የታቀፉት!» አለቻቸው እጅጌ።

አነጠሩ። ኳሷ ወደ መሬት ሄደች፤ ወደ እሳቸው ግን አልተመለሰችም። ቁልፍ ይዛት ቆማለች። ደገሙ፤ ያው ሆነ። ሠለሱ፤ በዚህኛው ኳሷን ብቻ ሳይሆን ቀበቷቸው ላይ የነበረውን ሜትርም አጡ።

እያለከለኩም እየሳቁም አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። «ይሁን፣ ተሸነፍኩ። ለጨርቁ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። እነዚያ ባንኮች ግን ምን ያህል ተሰቃይተው ይሆን!» ከዚያ ወደ ማዕበሉ ሚስት ዞሩ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ እህቴ፣ እውነት ሰማንያ ለሁለት ነበር?»

ማዕበሉ ከጀርባቸው ሆኖ በዓይኑም በእጁም ለመናት።

እሷ ሜትሩን ጠቅልላ አቀበለቻቸው። «ባንኮቹ አልመጡም፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «መኪናቸው ተበላሽቶ። ይህን አጨዋወት እስከ ዛሬ በሰው ላይ ሞክረነው አናውቅም። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»