አምስተኛው ሐምራዊ

«ድገሚ!» አለ ኪሳቡሮ።

ቺጉሳ እርጥቡን ሐር ከቀለም ገንዳው አውጥታ እንደያዘች ቆመች። ውሃው ከክርኗ እየተንጠባጠበ የጎማ ጫማዋ ላይ ይወርዳል። በቤቱ ደንብ ጨርቁን ወዲያው መልሳ መንከር ነበረባት። አልነከረችም።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ደርሷል።»

ኪሳቡሮ ጆሮውን ማመን አቃተው። ከገንዳው ራስጌ የተቀመጠባት በርጩማ ከአያቱ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ የተላለፈች ናት፤ ደንቡም አብሯት ተላልፏል። የሚነክር ሰው እጁ እንጂ አፉ አይሠራም። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ያያል፤ አይቶም ወይ «ድገም» ይላል፣ ወይ «በቃ» ይላል። ከዚያ ውጪ ገንዳ ዳር ወሬ የለም። እሱ ራሱ ለአባቱ ሲነክር በኖረበት ዘመን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሙቅ ውሃ እጁን ሲልጠው እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው ያሳለፈው። ይቺ ልጅ ግን ደርሷል ትለዋለች!

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው ድገሚ!» ጭልፋውን የገንዳው ጠርዝ ላይ ሲያሳርፈው ፍንጣሪው ግድግዳው ላይ ተረጨ። «ውሃውንስ ማነው ያቀጠነው? ይሄ ቀለም ነው ወይስ የዕቃ እጣቢ?»

ቺጉሳ ከንፈሯን ነክሳ ነከረች። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ አባቷ ፊት ግን አሁንም እንደ ተማሪ ነው የምትቆመው።

ሥራው የሙዚየም ሥራ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በኪዮቶ ቤተ መንግሥት አንዲት እመቤት ትለብሰው የነበረውን ዓይነት ልብስ፣ በዚያው ዘመን ቀለም እንደገና መሥራት። አምስት ቀሚስ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። የላይኛው ጥቁር ለመባል ምንም የማይቀረው ሐምራዊ ነው፤ ከሥሩ ያሉት አንዱ ከአንዱ እየፈዘዙ ይሄዱና አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቀለሙ አለ ወይስ የለም ያሰኛል። እጅጌው ጫፍ ላይ አምስቱም በየተራ ብቅ ይላሉ፤ የልብሱ ውበት ያለውም እዚያች ጫፍ ላይ ነው። ቀለሙ የሚወጣው ከአንዲት የተራራ ተክል ሥር ነው። ተክሏ ከጫካ ልትጠፋ ምንም ስላልቀራት አንድ ገበሬ እየተንከባከበ ያበቅልና ብርዱ ሲገባ ሥሯን ይልክላቸዋል። የዘንድሮው አልቆ አንድ ትንሽ ቅርጫት ቀርቷል።

ኪሳቡሮ ደጋግሞ አስነከራት። በመጨረሻ ሐሩ ላይ ሐምራዊ የሚባል ነገር ሲታየው ፊቱ ፈታ አለ።

«በቃ! ይኸውልሽ፣ ሐምራዊ ማለት ይሄ ነው። ቅድም ደርሷል ያልሽኝ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ነበር የሚመስለው።»

ቺጉሳ አምስተኛውን ሐር በንጹህ ውሃ አለቅልቃ ሰቀለችው።

ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ደርቆ ፉሚዮ መጣች። ለኪሳቡሮ ቤት ስትሰፋ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ምላሷን የሚፈራው ሰው መርፌዋን ከሚያደንቀው አያንስም። ከበሩ ጀምራ ብርዱን እየረገመች ገባችና ከጉያዋ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ስኳር ድንች አውጥታ ለቺጉሳ ሰጠቻት።

«ብዪ። ፊትሽ የምትነክሪውን ጨርቅ መስሏል።»

ከዚያ አምስቱን ሐሮች ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። ጫፋቸውን እንደ እጅጌ አንዱን ከአንዱ አሳልፋ ደረበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ አየች። ዝም አለች። ዝምታ ደግሞ የፉሚዮ ጠባይ አይደለም።

«ምነው? ምላስሽን ሰፋሽው እንዴ?» አለ ኪሳቡሮ።

«ሦስተኛው የቱ ነው?»

«ከሁለተኛው ቀጥሎ ያለው ነዋ! መቁጠር ጠፋብሽ?»

«አራተኛውስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ትቀልጃለሽ?»

«አልቀለድኩም፣ ኪሳቡሮ። ና እየው። የላይኞቹ ሁለቱ ልክ ናቸው፤ እጅህ አይታማም። እነዚህ ሦስቱ ግን ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ነው የሚመስሉት። እጅጌው ላይ ምኑን ከምኑ ልለየው?»

ኪሳቡሮ ጎንበስ ብሎ አየ። ለእሱም ቢሆን ደረጃ አልታየውም። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ ቀና ያለውም ወደ ልጁ ነው።

«ከኔ ጀርባ እየደጋገምሽ ነክረሻል!»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ሥሩን አብዝተሽ ወቅጠሻል፣ ወይ ደግሞ ውሃውን አፍልተሽዋል። እኔ በቃ ያልኩት ቀለም ይሄ አይደለም!» ድምፁ ጣራውን ነካ። «ሂጂ ነጩን ሐር አምጪልኝ። ያልተነከረውን! ከሱ ጋር አስተያይቼ ምን ያህል እንዳበላሸሽው አሳይሻለሁ።»

ቺጉሳ ሸማኔው በትርፍ ከላከው ሐር አንድ ጥቅል አምጥታ እጁ ላይ አኖረችው። ኪሳቡሮ አየው፣ ገለበጠው፣ መስኮት ድረስ ወስዶ አየው። ከዚያ መሬት ላይ ወረወረው።

«ነጭ ነው ያልኩሽ! ይሄን ቢጫ ምን ላድርገው ብለሽ ነው የሰጠሽኝ?»

ፉሚዮ ሐሩን ከመሬት አንስታ አቧራውን አራገፈች፣ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው።

«ነጭ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ተማክራችሁ ነው አይደል?»

የቺጉሳ ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። «በራችን ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ዘንድሮ ስንቴ አስቀየሩን? ነጩን ወረቀት ቢጫ ነው እያሉ ሻጩን ጎረቤት ፊት አዋረዱት። ሰውየው ምንም ሳያጠፋ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቆዎት ሄደ! የዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩልዎ፤ ከሐኪም ቤት ሲደወል ‹ኪሳቡሮ ሞቷል› ብለው ዘጉት! የዓይን ሞራ ነው፣ አባባ! ሐምራዊው አይታይዎትም። እስኪታይዎት ድረስ ያስደግሙኛል፤ በዚህ ምክንያት ነው ሁሉም አንድ የሆነው!»

ኪሳቡሮ ምንጣፉ ላይ ወደተዘረጉት ሐሮች ዞረ።

«ሦስተኛውን ስትነክሪ ይሄን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«አራተኛውንስ?»

«እሱንም።»

«አይተሽ ነው ዝም ያልሽው? ቤቴ ሲፈርስ ቆመሽ አየሽ?»

«የሚነክር አይናገርም ያለኝ ማን ነው? ልጅ ሆኜ ገንዳ ዳር ‹ሲያምር!› ስላልኩ ብርድ ላይ ያስወጡኝ እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ገና አፌን ብከፍት ጭልፋ አነሱብኝ!»

«አንቺ ላይ አላነሳሁም፤ ገንዳውን ነው የመታሁት!»

«እሱስ ምን አደረገህ?» አለች ፉሚዮ።

ኪሳቡሮ ካፖርቱን አንስቶ በሩን ወርውሮት ወጣ። የበሩ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ተቀደደ።

ወንዙ ዳር ድረስ እየተራገመ ሄደ። ልጁን ተራገመ። ፉሚዮን ተራገመ። ከሁሉም ይልቅ ግን ወረቀት ሻጩን ተራገመ። ሰው ነጭ ወረቀቱን ቢጫ ሲሉበት እንዴት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? ለምን አይሳደብም? ለምን አንገት ለአንገት አይያያዝም? አለቃ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው እያሉ ሁሉም ዝም ብለውታል፤ አክብረው አክብረው ገደል አፋፍ ላይ አድርሰውታል። ከዚህ ሁሉ ንዴት ሥር ፍርሃት ነበረ። እስከ ዛሬ እንጀራ የበላው በዓይኑ ነው። ዓይኑን ከወሰዱበት እሱ ማነው? ሥራ ፈት ሽማግሌ!

ወንዙ መሀል አንዲት ሳቢሳ በአንድ እግሯ ቆማለች። ኪሳቡሮ አያት። ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ አሽቶ እንደገና አያት። ሳቢሳዋ ቢጫ ነበረች።

«አንቺም?» ብሎ ጠጠር ወረወረባት።

ጠጠሩ ስቷት ውሃ ውስጥ ገባ፤ ወፏም ነገሬ ሳትል ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ወረቀት ሻጭ ላይ ይጮሁበታል፣ ልጅንም ከጀርባዬ አበላሸሽ ብለው ይከሷታል፤ ወፍን ግን ማን ነከረሽ አይሏትም። ኪሳቡሮ ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ድረስ እዚያው ቆመ። ቢጫ ሳቢሳ እንደሌለች ያውቃል።

ሲመለስ ከግቢው በር የሙቀጫ ድምፅ ሰማ። እየሮጠ ገባ። ቺጉሳ የቀረውን ቅርጫት ገልብጣ ሥሩን ትወቅጣለች፤ ፉሚዮ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ከሰል ትቆሰቁሳለች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም።»

«እሱ ካለቀ እስከሚመጣው ብርድ ሌላ ሥር የለም! ልብሱ ደግሞ የቼሪ ዛፉ ሲያብብ ሙዚየሙ ውስጥ መታየት አለበት! ብታበላሺው ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሦስተኛው እንዳለ ይሁን፤ ካላባከንነው ለአራተኛውና ለአምስተኛው ይበቃል። ከአምስተኛው እጀምራለሁ፤ እሱ ጥቂት ነው የሚጠጣው።» መውቀጧን አላቆመችም። «ከፈለጉ በርጩማዎ ላይ ይቀመጡ። ድገሚ ቢሉኝ ግን አልደግምም።»

«ሰማሃት?» አለች ፉሚዮ።

«አንቺ ከሰልሽን ቆስቁሺ!»

ተቀመጠ። ቺጉሳ የተወቀጠውን ሥር በለብታ ውሃ አሽታ ጨመቀች፣ ጭማቂውን በጨርቅ አጥልላ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው፣ ነጩን ሐር አስገባች። ስታወጣው ኪሳቡሮ ምንም ቀለም አላየም። ቀለሙ ጨርቁን እንዲይዝ በካሜሊያ ዛፍ አመድ ውሃ አሳልፋ መልሳ ነከረችው። አሁን ስታወጣው ደግሞ እጣቢ የነካው ጨርቅ አየ። «ድገሚ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ መጣች። ዓይኑ እንደሚዋሸው ያውቃል፤ እያወቀ ያምነዋል፤ በሌላ ሰው ዓይን አይቶ አያውቅማ። ሌላም ነገር ያውቃል፦ ቃሏ ካፉ ከወጣች ቺጉሳ ያን ሁሉ ፉከራዋን ረስታ ትደግማለች። ያን እጅ ያሰለጠነው እሱ ነው።

ብድግ አለ።

«ልቀቂ!»

«አባባ፣ አላባክነውም ብያለሁ...»

«ልቀቂ አልኩሽ!» ሐሩን ከእጇ ነጠቃት። ካፖርቱን ወዲያ ጥሎ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። «ምን ይገትርሻል? ተቀመጪ!»

«የት?»

«ዕውሩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? በርጩማው ላይ ነዋ!»

ቺጉሳ እንደሚሰበር ዕቃ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ኪሳቡሮ ሐሩን ነከረው። ለረጅም ዘመን ያልሠራው ሥራ ነው፤ እጁ ግን አልረሳም። እጥፋቱን እየከፈተ፣ እየገለበጠ፣ አየር እንዳይገባው ውሃው ሥር ይዞ አገላበጠው። ወገቡ ጮኸ። አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው።

ቺጉሳ ሐሩን አየች፤ ልማድ ነውና ምንም አልተናገረችም።

ኪሳቡሮ ተናደደ። በዓይኑ ተናደደ፣ በልጁ ተናደደ፣ የሚነክር አይናገርም ብሎ ባወረሰው አባቱ ተናደደ።

«ምን ታያለሽ?» ብሎ ጮኸባት። «አፍ የለሽም? እየጠየቅኩሽ እኮ ነው! ልድገም?»

ፉሚዮ የከሰሉን መቆስቆሻ ይዛ ቀረች። ቺጉሳ ጎንበስ ብላ የሐሩን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«አንዴ ይድገሙት» አለች።

ደገመ። እጁ ቀልቶ ነበር። እንደገና አውጥቶ ዘረጋላት።

«በቃ» አለች ቺጉሳ።

ለኪሳቡሮ ዓይን ሐሩ ላይ ሐምራዊ የሚባል ነገር አልነበረም። አለቅልቆ ሰቀለው።