ቅቤ የተቀባው ዶቅዶቄ

ይታየው ዓርብ ረፋድ ላይ ከቤቱ የወጣው ለእንቁላል ነው። ይህንኑ ለሚስቱ ለማሬ ነግሯታል፤ ደረጃው ላይ ላገኘው ጎረቤትም ነግሯል፤ ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ ለቢንያሚን ነገረው። ቢንያሚን ከባሕሩ አጠገብ ባለው በጊቫት ኦልጋ ሰፈር፣ ከሱቆቹ መደዳ ጥግ ላይ ያለችው ኪዮስክ ባለቤት ነው። ዛሬ ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ አውጥቶ የለስላሳ ሣጥን ላይ አስቀምጦታል፤ ከጎኑም አንድ ትልቅ ድምጽ ማጉያ ገትሯል። ሰፈሩ ወንበር ወንበሩን ይዞ ከፊቱ ተኮልኩሏል። የአቭራሃም ልጅ ኔታኔል ደቡብ በረሃ ላይ በዶቅዶቄ ሊሽቀዳደም ነው። ቡድኑን ያቋቋሙት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ሲወዳደሩም የመጀመሪያቸው ነው።

"አያ ይታየው፣ ይቀመጡ እንጂ!"

"እኔ ለእንቁላል ነው የመጣሁ።"

"እንቁላሉ እግር የለው፣ የት ይሄድብዎታል?"

ይታየው አልተቀመጠም። ከሰዉ ጀርባ ወዳለው የአውቶቡስ መጠበቂያ ሄዶ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ጎኑን ሰጥቶ አግዳሚው ላይ አረፈ። ከዚያ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ይታየዋል። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የአቭራሃም ማጅራትም ይታየዋል። በዚያ ማጅራት ላይ ቂም አለው።

ነገሩ የሠርግ ነገር ነው። አቭራሃም የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ሴት ልጁን ሲድር ይታየውን ያስቀመጠው የት ነው? ድምጽ ማጉያው ሥር! ከአገር ጀምሮ አብሮት የተራበ፣ ሱዳን ላይ አብሮት የታመመ ሰው እዚያ ሥር ተወሽቆ፣ ከትናንት ወዲያ የተዋወቃቸው ባለ ሱፎች ከሙሽሮቹ ፊት ተደርድረው ነበር። ይታየው ያን ማታ አጠገቡ ያለ ሰው ባናገረው ቁጥር "ምን?" "ምን?" ሲል አመሸ። ሳህኑ እንኳ ከጠረጴዛው ላይ በዘፈኑ ድምጽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአቭራሃም ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል፤ መሻገሪያ ከሌለ ጫማውን ያስራል።

በደል ለይታየው አዲስ አይደለም። ከሱዳን ወደዚህ አገር መጀመሪያ የመጣ ጊዜ የመዘገበው ጸሐፊ ስሙ ለምላሱ ከበደውና "ዮራም" ብሎ ጻፈው። ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ዮራም ተብሎ ሠራ። እሱ ራሱ እጁን ይዞ ሥራ ያስተማረው ልጅ አለቃ ሆኖበት፣ "ዮራም፣ ቶሎ ቶሎ!" ሲለው ኖረ። ይህን ሁሉ ችሎታል። እነዚያ አያውቁትም። አቭራሃም ግን ያውቀዋል።

ረቡዕ ማታም ያው ነው። አቭራሃም ዶቅዶቄው ከመሄዱ በፊት ሽማግሌዎች እንዲመርቁት ብሎ ለሰፈሩ በስልክ መልእክት ላከ፤ "ሁላችሁም ኑ" ይላል። ይታየው አነበበውና "ሁላችሁም ማለት እኔ ማለት አይደለም" ብሎ ስልኩን ደፋው። ማሬ ግን ሄደች። ስትመለስ ጣቶቿ ያብለጨልጩ ነበር።

"ቀባሁት" አለችው።

"ማንን?"

"ዶቅዶቄውን። እንደ ሙሽራ አናቱን ቀባሁት። ያን ሁሉ ምርቃት በደረቅ አናቱ ይቀበለው?"

"ደግሞ ዶቅዶቄ ምን አናት አለው?"

"ቤንዚን የሚጠጣበት ላይ ክዳን የለውም? እሱ ነዋ አናቱ።"

"ለአቭራሃም ልጅ! አደስ የገባበትን ቅቤ!" አለ ይታየው። ማሬ ሳቀችና የተረፈውን ጣቷን ፀጉሯ ላይ ጠረገች።

እና ዛሬ ውድድሩ ተጀመረ። ኔታኔል ቢጫ ቆብ አድርጎ እንደ ጥይት ተፈተለከ። አንድ ሁለቱን ቀደመ፤ ሰዉ ከወንበሩ ተነሣ። ውዲቱ የምትባለው አሮጊት እልል አለች። የእሷ የልጅ ልጅ ሞር የቡድኑ መካኒክ ናት፤ ስለዚህ እልልታው ግማሹ ለሞር ነው። ከሠራዊቱ ለፈቃድ ወደ ቤት የመጣው ወታደሩ አቪቻይ ደግሞ ሁሉን ነገር እያስረዳ አላስቀምጥ ብሏል።

ጥቂት ዙር እንደሄደ ዶቅዶቄው ሳል ጀመረው። እህ፣ እህ አለ፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ።

"ካንዴላው ነው!" አለ አቪቻይ። "በሔያይ፣ በሕይወቴ እምላለሁ፣ ካንዴላው ነው!"

"ምን ካንዴላ? ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል" አለ ቢንያሚን። "ድምጹን አልሰማህም?"

"ፍሪሲዮን ቢቃጠል ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ይሞታል እንዴ?"

"አንተ ታንክ ነው የምታውቀው፤ ዝም በል።"

ሞር ቱታዋን ለብሳ እየሮጠች ስትመጣ ታየች። ካንዴላውን ነቅላ ሌላ አስገባች፤ የቤንዚኑን ክዳን ከፍታ አየት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። ኔታኔል ረገጠው፤ ተነሣ። ሰፈሩ አጨበጨበ። "አላልኳችሁም?" አለ አቪቻይ፤ ደረቱን ነፍቶ። ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ዶቅዶቄው እንደገና ማሳል ጀመረና እንደገና ቆመ።

"የካንዴላው ሐኪም፣ አሁንስ?" አለ ቢንያሚን።

አቪቻይ ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳበ።

"እውነቱን ልንገራችሁ" ሲል ቀጠለ ቢንያሚን። "እኔ ከመጀመሪያውም አላማረኝም። ሴት ልጅ ዶቅዶቄ ፈታ ገጠመች የሚባል ነገር..."

"አንተ" አለች ውዲቱ፣ ሳትጮህ፤ "ባለፈው የኪዮስክህ አምፖል ሲቃጠል ባለሙያ ጠርተህ አይደል ያስቀየርከው?"

ሳቁ እስከ አውቶቡስ መጠበቂያው ደረሰ። ይታየው ግን አልሳቀም። ልቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሙቀት ተሰምታዋለች፤ እሷን እያዳመጠ ነው። ለማንም እንዳልተናገረ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው፣ "ከመነሻውም አሮጌ ብረት ነው" አለ። የአቭራሃም ማጅራት ወደ ትከሻው ገባ። ይታየው አየው። አሥር ዓመት የጠበቀው ነገር ይኸው ነበር፤ ሲያገኘው ግን እንደጠበቀው አልጣፈጠውም። ሳይቀመም የወረደ ወጥ ሆነበት።

የውዲቱ ስልክ ጠራ። ጆሮዋ ስለደከመ ሁልጊዜ ድምጹን ለሁሉም ከፍታ ነው የምታነጋግረው።

"ሳፍታ!" አለች ሞር፤ አያቷን የምትጠራት እንዲህ ነው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ሳፍታ፣ አገኘሁት! ክዳኑ ላይ አየር የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷ ናት የተደፈነችው። አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ስከፍተው ይነሣል፣ ስዘጋው ይሞታል። በምን እንደተደፈነች ታውቂያለሽ? በቅቤ! ሙቀቱ አቅልጦት፣ አቧራው ላዩ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ሆኗል። ልክ ያንቺን ፀጉር ነው የሚሸተው! በመርፌ እየጠረግኩት ነው፣ በቃ ቻው!"

ስልኩ ተዘጋ። ሁሉም ዞሮ የውዲቱን ፀጉር አየ። ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

"እቴ ውዲቱ!" አለ ቢንያሚን፤ ሆዱን ይዞ። "ዶቅዶቄውን ድረውት ነው እንዴ? ሚዜዎቹስ እነማን ነበሩ?"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቭራሃም ግን አልሳቀም። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣም። "እቴ ውዲቱ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ልጄ እኮ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ እየመጣ፣ እንቅልፉን አጥቶ የለፋው ለዛሬ ነበር።"

ውዲቱ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች። በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግራ አግዳሚው ላይ ያለውን ይታየውን አየችው። ረቡዕ ማታ ከማሬ አጠገብ ቆማ ነበር፤ የማን እጅ እንደቀባ ታውቃለች። ከዚያ ፊቷን መለሰች።

"እንግዲህ አሮጊት ነኝ፤ አላወቅሁም" አለች። "ይቅር በለኝ፣ አቭራሃም።"

ይታየው ቢነሣና ወደ እንቁላሉ ቢሄድ የሚያቆመው ሰው አልነበረም። እስከዛሬ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በዳይ አቭራሃም ነው፣ ተበዳይ እሱ ነው፤ ቀርቦ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ያ፣ ኮርቶ የሚጠብቀው ይህ። አሁን አፉን ከከፈተ ግን ይቅርታ ጠያቂው ራሱ ሊሆን ነው፤ አሥር ዓመት አቅፎ ያሳደገው ቂም ከእጁ ሊወጣ ነው። ዝም ካለ ደግሞ ውዲቱ የእሱን ቤት ነውር ተሸክማ ልትኖር ነው። ክሊኒክ ባገኛት ቁጥር በዚያች ዓይኗ ልታየው ነው። ሰው ሲበድለው እንዴት እንደሚኖር ይታየው ጠንቅቆ ያውቃል። ሰው ሲሸከምለት ግን ለምዶት አያውቅም፤ አንገበገበው።

ተነሣ። "እሷ አይደለችም!" አለ።

ድምጽ ማጉያው እየጮኸ ነው። የበረሃው ሞተር ሁሉ በእሱ በኩል ያጓራል። ማንም አልሰማውም።

"አቭራሃም! እሷ አይደለችም አልኩህ!"

አቭራሃም ስሙን የሰማ መሰለውና ዞረ። የጠራውን ሰው ሲያይ ደነገጠ። ድምጽ ማጉያው አጠገቡ ነው፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ምን?" አለ።

"ቅቤው የእኔ ቤት ነው!"

"ምን?"

ይታየው በወንበሮቹ መካከል እየተሽለከለከ ፊቱ ድረስ ሄዶ ቆመ። "አየህ?" አለው። "ድምጽ ማጉያ ሥር የተቀመጠ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው!"

ቢንያሚን ዘሎ ድምጹን ቀነሰው። ድንገት የባሕሩ ድምጽ ሳይቀር ተሰማ።

"ቅቤው የእኔ ቤት ነው" አለ ይታየው። አሁን መጮህ ስለማያስፈልገው ድምፁ አነሰበት። "የቀባችው ማሬ ናት። ክፉ አስባ አይደለም፤ አክብራ ነው። እቴ ውዲቱ የሌለችበትን ነው የተቀበለችው። ይቅርታ የሚጠየቅ ከሆነ... ከእኔ ነው።"

አቭራሃም ቀና ብሎ አየው። "ማሬ ለልጄ ቅቤ ቀባች?"

"ቀባች።"

"አንተ እኔን በዘጋህበት ጊዜ?"

"ቀባች አልኩህ እኮ።"

አቭራሃም ጢሙን አሻሸ። "እንግዲያውስ ተካክሰናል። እኔ ጆሮህን ደፈንኩ፣ አንተ ሞተሬን።"

"ተካክሰናል?" አለ ይታየው፤ ደሙ ፈላ። "እንዴት ሆኖ? የልጅህ ሞተር በመርፌ ተጠርጎ ይነሣል። የእኔ ጆሮ ሳምንት ሙሉ ጮኋል!"

"አንተን ያየህ አንድ አዳራሽ ሰው ነው። ልጄን አገር ምድሩ ነው ያየው።"

"ልጅህን ያየው የማያውቀው ሰው ነው። እኔን ያየኝ የሚያውቀኝ ነው!"

አቭራሃም አንገቱን ደፋ። ጫማውን አየ። "ወንበሩን የደለደለው የሙሽራው ወገን ነበር" አለ በመጨረሻ። "አንተ የት እንደተቀመጥክ ያየሁት ሠርጉ ሲጋመስ ነው። አፈርኩ።"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ቆመህልኝ? ባየኸኝ ቁጥር ጫማህን ታስራለህ!"

"ኧረ ዝም በሉ!" አለች ውዲቱ። "ልጁ ተነሣ!"

ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ኔታኔል ከአቧራው ውስጥ ወጥቶ ይበራል፤ ከኋላው ሞር በአንድ እጇ መርፌዋን ከፍ አድርጋ ትዘላለች። አቪቻይ ተነሥቶ ወንበሩን ለይታየው ለቀቀለት። ይታየው ወንበሩን አየ፤ ድምጽ ማጉያውን አየ፤ ወንበሩን ትንሽ ወደ አቭራሃም አስጠግቶ ተቀመጠ።

ኔታኔል ጨረሰ፤ ከሁሉም መጨረሻ። ያም ሆኖ ሰፈሩ አንደኛ እንደወጣ አጨበጨበለት። "ባይቆም ኖሮ አራተኛ ይወጣ ነበር" አለ አቪቻይ። "አምስተኛ" አለ ቢንያሚን፤ ክርክሩን እንደገና ያዙት። ይታየው "አራተኛ" አለ፤ አስተያየቱን የጠየቀው ግን የለም።

"ለሚቀጥለው ለማሬ ንገርልኝ" አለ አቭራሃም፤ ወንበሩን እያጠፈ። "መቀመጫውን ትቀባው፣ ጎማውንም ትቀባው። ክዳኑን ብቻ ትተውልን።"

"ራስህ ንገራት። ደውለህ። በ'ሁላችሁም' አይደለም።"

አቭራሃም ስልኩን አወጣ። "ቁጥራችሁ..."

"ያው ነው። አልቀየርነውም።"

ደወለ። እሱም ድምጹን ለሁሉም ከፍቶ ነው የሚያነጋግረው። ማሬ አነሣች፤ ከኋላዋ የድስት ክዳን ይንኳኳል።

"ማሬ፣ አቭራሃም ነኝ።"

የድስቱ ክዳን ዝም አለ። "ይታየው ምን ሆነ?" አለች፤ ድምጿ ተለውጧል። "ንገረኝ! ምን ሆነብኝ?"

"ኧረ ምንም አልሆነ። አጠገቤ ተቀምጧል።"

የድስቱ ክዳን መልሶ ተንኳኳ።

"አጠገብህ?" አለች ማሬ። ከዚያ፣ "እንቁላሉንስ ገዛው?"