ሁለት ቀዳዳ

የአጎቴን ልጅ እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። የደረቁ ነፍሳት በመርፌ ተሰክተው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። አሰካኩንም ያስተማርኳት እኔው። «ከጢንዚዛው ሥር፣ የተገኘበት ቦታ የተጻፈበት ወረቀት በዚያው መርፌ ይሰካል» አልኳት። «ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ካየሽ ሰው ነካክቶታል፤ እንዳታምኚው።» ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ኃላፊያችን ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ለየራሳችን ሣጥን ሰጡን፤ በየሣጥኑ አንድ የበረሃ፣ አንድ የጫካ ጢንዚዛ። «ሰክታችሁ፣ አነጻጽራችሁ ጻፉ፤ የበለጠችው ክፍሉን ትረከባለች» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ዓይኔን ያፈሰስኩበት ክፍል፣ ትናንት ከመጣች ልጅ ጋር ውድድር! ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

የጫካው አረንጓዴ ነው፣ ያብለጨልጫል። እሷም ስትገባ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። የበረሃው ጥቁርና ጎባጣ ነው። ማንን እንደሚመስል አልናገርም።

ሥራችንን በምናስረክብበት ቀን፣ ምሳ ስትወጣ ሣጥኗን ከፈትኩ። ከሁለቱ ጢንዚዛዎች ሥር ወረቀቶቹን ነቅዬ አቀያየርኳቸው።

ኃላፊው ሣጥኑን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ አረንጓዴ በረሃ ነው የሚኖረው?»

እሷ አጉሊ መነጽር አንስታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ቀዳዳዎቹን እንደቆጠረች ገባኝ።

«ስሰካቸው ተሳስቼ ነው» አለች።

ክፍሉን እኔ ተረከብኩ። ጽሑፏን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። «የበረሃው የክንፍ ሽፋን ተጣብቆ የቀረ ነው፤ መብረሩን ትቶ በሰውነቱ ያለችውን እርጥበት ይቆጥባል። የጫካው እርጥበት ስለማያጣ ክንፉን እንዳሻው ይከፍታል። ይህን ማየት ያስተማረችኝ እታለም ናት።» እታለም የምትለው እኔን ነው። ከእኔ ጽሑፍ በብዙ ይበልጣል። እንደገና ቀናሁ፤ አሁንማ በጽሑፏ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ለሁለቱ ጢንዚዛዎች አዲስ ወረቀት ጽፋ ሰካች። አሮጌዎቹን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«እታለም፣ እነዚህን አንቺው ጣያቸው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።