ለኪናኮ የተመታው ማኅተም

ድመቷ ኪናኮ ትባላለች። ንጹሕ የፋርስ ዘር ናት። ሰባት ዓመት በአርቢ ቤት ሽቦ ሳጥን ውስጥ ስትወልድ ኖራ፣ መውለድ ስታቆም "ውሰዱልኝ" ተባለችና ጃፓን ውስጥ ታካኦካ ከተማ ወዳለው የድመት መጠለያ ገባች። ያን ሁሉ አይታም ሰው ትወዳለች። ሌላ ቢሆን ይናከስ ነበር፤ እሷ ግን የመጣውን ሁሉ እየተከተለች ጠፍጣፋ ፊቷን እግሩ ላይ ታሻሻለች።

ድመት ልትወስድ የመጣችው ቶኪዬ ሙራይ ጋ ስትደርስማ ጭራሽ ጭኗ ላይ ወጥታ ተኛች። ቶኪዬ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ጭኗ ላይ ያረፈ ነገር ቢኖር የሚታጠፍ ልብስ ብቻ ነበር።

"ወይዘሮ ሙራይ፣ እሷስ መርጣዎታለች" አለች የመጠለያው ኃላፊ ኖዙኤ። "እኔ ግን ደንብ አለብኝ። ከስልሳ አምስት በላይ ሆኖ ብቻውን ለሚኖር ሰው ያለ ዋስ አንሰጥም። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ድመቷን የሚረከብ ሰው የዋስ ቅጹ ላይ ማኅተሙን መምታት አለበት።"

"ብሞት ማለትሽ ነው?"

"ኧረ ሆስፒታልም ቢገቡ!" አለች ኖዙኤ ደንገጥ ብላ። "ልጅ የለዎትም?"

"አለኝ። ሳፖሮ ነው።"

አለኝ ማለቱስ ቀላል ነው። ልጇ ኬይጎ በረዶ አውሮፕላኑን አግዶበት አባቱ ከተሸኘ በኋላ ነበር የደረሰው። ቶኪዬም በለቀስተኛው ሁሉ ፊት "አሁን ምን ልትሠራ መጣህ?" አለችው። ለአባቱ ፎቶ እጅ ነስቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ይቅርታ ልትለው ስልኩን እያነሳች መልሳ ስታስቀምጥ ሦስት ዓመት ሄደ።

ታዲያ ለድመት ብላ ትደውልለት? ሞቷ ነው። ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄደች። በፊርማ ፈንታ የሚመቱ፣ የቤተሰብ ስም የተቀረጸባቸው ማኅተሞች መደርደሪያ ላይ ተሰድረው ለማንም ይሸጣሉ። የራሷን ሁለቴ ብትመታ ያስጠረጥራል ብላ "ሙራይ" የሚል አዲስ ማኅተም ገዛች። ቅጹ ላይ የኬይጎን ስምና ስልክ ጻፈች፣ ከጎኑ በቀይ ቀለም መታችበት። ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት በማዘጋጃ ቤት መስኮት ወረቀት ስትቀበል የኖረች ናት፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ "በእርግጥ የሱ ነው?" ብላ አታውቅም። ኖዙኤም የምትጠይቅ አልመሰላትም።

ኖዙኤ ግን ደወለች። በሳምንቱ ኪናኮን በሳጥን ይዛ ቶኪዬ ቤት መጣችና ገና ጫማዋን ስታወልቅ፣

"ልጅዎን በስልክ አገኘሁት" አለቻት።

ቶኪዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ምን... ምን አለሽ?"

"መጀመሪያ የእርስዎን ስም ሁለቴ አስደገመኝ። ያልሰማኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ 'አዎ፣ ማኅተሙ የኔ ነው፤ ድመቷንም እረከባለሁ' አለ።"

ዋሸላት። ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። በሕይወት ሳለች ደጇን ያልረገጠ ልጅ፣ ስትሞት ድመት ሊወስድ ይመጣል።

"አንድ ነገር ግን ለምኗል" አለች ኖዙኤ የሳጥኑን በር እየከፈተች። "በየወሩ ለእኛ የሚልኩትን የድመቷን ፎቶ ለሱም ይላኩለት። ፎቶው ላይ ድመቷ ብቻዋን እንዳትሆን፣ እርስዎም ይታዩ ብሏል።"

ኖዙኤ ስትሄድ ቶኪዬ ሞከረች። ክንዷ አጠረ፤ አንዴ የድመቷ ጆሮ፣ አንዴ የራሷ አገጭ ብቻ ወጣ። "ያዝልኝ" የምትለው ሰው የለም። ስልኩን በሩዝ ማብሰያው አስደግፋ፣ በራሱ ፎቶ እንዲያነሳ ሰዓቱን ሞልታ፣ ሮጣ ተቀመጠች። ኪናኮ ወዲያው ጭኗ ላይ ወጣች። ፎቶውን ለኬይጎ ላከችለት።

ከሥሩ "ታይቷል" የሚል ብቅ አለ። ሻይዋ ቀዘቀዘ፣ መልስ አልመጣም።

"እንዲህ ማርጀቴ አስደንግጦት ይሆናል" አለቻት ለድመቷ።

"ይቅርታ" ብላ ጻፈች፤ አነሰባትና አጠፋችው። ሌላ ጻፈች፣ እንዳትጸጸት ሳታነበው ላከችው።

"ድመቷን ለማየት እስክሞት አትጠብቅ።"